ጥቂቱን በዕጣ መርጦ ብዙኃኑን ማወቅ፦ የናሙና ጥናትና የስህተቱ ምንጮች

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







የንግግሩ ርዕስ ሲሰማ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ብቻ የተተወ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ግን ከእህል ገበያ የሚጀምር ነው። መቶ ኩንታል ስንዴ የሚገዛ ሰው እያንዳንዷን ፍሬ አይመረምርም። ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያያል፣ ይነክሳል፣ ያሸታል፤ ከዚያም በእፍኝ ባየው ስለ መቶው ኩንታል ይወስናል። ልምድ ያለው ገዢ ግን ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ አይረካም። ምርጡ ከላይ፣ ግርዱና አፈሩ ከሥር ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ከመካከልም ከሥርም ያወጣል፤ ከፊት ከተደረደረው ጆንያም ከኋለኛውም ያያል።

የናሙና ጥናት ማለት ይኸው ነው። ከብዙው ጥቂቱን ወስዶ፣ በጥቂቱ ስለ ብዙው መናገር ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ ምን ያህል ተወሰደ? ከየት ተወሰደ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል። የዚህ ንግግር ዋና ፍሬ ነገር ግን ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ክብደት ያለው መሆኑን ማሳየት ነው። በዕጣ የተመረጡ ጥቂት መቶ አባላት፣ በገዛ ፈቃዳቸው ከተሰበሰቡ ብዙ ሺህ ሰዎች ይልቅ የዩኒየኑን እውነተኛ መልክ ሊያሳዩ ይችላሉ።

1. ቁጥር ሲሳሳት ዕዳው በማን ላይ ያርፋል?

አንድ ዩኒየን በየዓመቱ የሚወስናቸው ዋና ዋና ውሳኔዎች በሙሉ በግምት ላይ የቆሙ ናቸው። ለመኸር ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ያስፈልጋል? አባላት ስንት ኩንታል በቆሎ ለገበያ ያወጣሉ? የመጋዘኑ ስፋት ይበቃል? ለእህል ግዢ የሚጠየቀው የባንክ ብድር ምን ያህል ይሁን? ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ፍላጎቱ የሚሰበሰበው ከዘር ወቅት ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል እየተደመረ የሚሄደው ቁጥር ከሥሩ ከተዛባ እላይ ሲደርስ አይቃናም።

ጉዳዩን በምሳሌ ለማየት፣ 24,000 አባላት ያሉት አንድ ዩኒየን አለ እንበል። የማዳበሪያ ፍላጎትን ለማወቅ በየማኅበሩ ስብሰባ ተጠርቶ፣ የተገኙት አባላት በአማካይ 2 ኩንታል እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ይህ በሁሉም አባላት ሲባዛ 48,000 ኩንታል ይሆናል። ነገር ግን ወደ ስብሰባው የመጡት በአብዛኛው ሰፋ ያለ መሬትና ጥሩ አቅም ያላቸው ነበሩ። የሁሉም አባላት እውነተኛ አማካይ 1.6 ኩንታል ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው 38,400 ኩንታል ብቻ ነበር። በመካከሉ ያለው ልዩነት 9,600 ኩንታል ነው። ይህ ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ያድራል፤ ወለድ ይቆጥራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጋገራል፤ የጥበቃና የማጓጓዣ ወጪ ያስከትላል። የሚከፍለውም ስብሰባው ላይ የተናገረው ሰው ብቻ ሳይሆን ሁሉም አባል ነው፤ የዓመቱ የትርፍ ክፍፍል ይቀንሳልና። ተቃራኒውም አለ። ፍላጎቱ ዝቅ ተደርጎ ከተገመተ ገበሬው በዘር ወቅት ባዶ መጋዘን ይጠብቀዋል።

የምርት ግምትም እንዲሁ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በሀገሪቱ ጥሩ የበቆሎ ምርት ከተገኘ በኋላ ዋጋው ክፉኛ ወድቆ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን እንኳ መክፈል ተቸግሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1995 ዓ.ም. በተከሰተው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። የዋጋው መውደቅ መንስኤ የመረጃ ችግር ብቻ አልነበረም፤ የመጋዘን፣ የመንገድና የብድር እጥረትም ነበረበት። ሆኖም ምርቱ የት እንደተረፈና የት እንደጎደለ አስቀድሞ የሚያውቅ ዩኒየን፣ በመኸር ማግስት ከሚደናገጥ ዩኒየን የተሻለ የመደራደር አቅም እንዳለው የታወቀ ነው።

2. ሁሉን መቁጠር ሁልጊዜ ይሻላልን?

ብዙ ሰው «ጥቂቶችን ከመጠየቅ ሁሉንም መቁጠር አይሻልም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአባላት ስም፣ ዕጣና ቁጠባ የመሳሰለው መረጃ ያለ ጥርጥር የእያንዳንዱ አባል መመዝገብ አለበት። ስለ ማሳ ስፋት፣ ስለ ምርትና ስለ ፍላጎት ሲሆን ግን ሁሉን መጠየቅ ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ሥራው ሲበዛ ጥራቱ ይወርዳል። በችኮላ የተመለመለ መረጃ ሰብሳቢ በቂ ሥልጠና አያገኝም፣ ተቆጣጣሪም አይደርስበትም። ሲደክመውም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጹን መሙላት ይጀምራል።

ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ጆንያ የሚሠራበት ጁት የተባለው ተክል በሕንድ ቤንጋል በስፋት ይመረታል። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የስታቲስቲክስ ሊቁ ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ የጁት ምርትን በናሙና መገመት ጀመረ። በዚያው ጊዜ መንግሥት እያንዳንዱን ማሳ እየዞረ የሚቆጥር ሌላ ሰፊ ሥራ አካሂዶ ነበር። ውጤቶቹ ከንግድ መዝገብ ጋር ሲነጻጸሩ ወደ እውነቱ የቀረበው የናሙናው ግምት ሆኖ ተገኘ። ወጪውም የሙሉ ቆጠራውን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥቂት ማሳዎችን በደንብ በሠለጠኑ ሰዎች በጥንቃቄ መለካት፣ ሁሉንም ማሳ በግዴለሽነት ከመለካት ይበልጣል።

በኢትዮጵያም ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ኖረዋል። በአንድ በኩል የግብርና መሥሪያ ቤቶች ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጀምሮ ወደ ላይ የሚደመር ሪፖርት ይሰበስባሉ። በሌላ በኩል የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው ተቋም፣ የግብርና ናሙና ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። የሁለቱ ቁጥሮች በተለያዩ ዓመታት ሳይገጣጠሙ ቀርተው አከራክረዋል። አንዱ ዋሸ፣ ሌላው እውነት ተናገረ ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ የአሰባሰብ ዘዴዎች በመሆናቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የስህተት በር አላቸው። የዕቅድ አፈጻጸም መለኪያ የሆነ ሪፖርት ወደ ዕቅዱ የማዘንበል ፈተና አለበት፤ የናሙና ጥናት ደግሞ ለሀገርና ለክልል ሲበቃ ለአንድ ቀበሌ ላይበቃ ይችላል።

3. ዕጣ፦ የናሙና መሠረት

ዕቁብ የሚጥል ሰው ዕጣ ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሁሉም አባል ስም ይጻፋል፣ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ይናወጣል፣ ከዚያም ይወጣል። ዳኛው ዘመዱን መርጦ አያወጣም፤ የሀብታሙ ወረቀትም ከደሃው አይበልጥም። ትክክለኛ ናሙናም የሚቆመው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። እያንዳንዱ አባል የመመረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል፤ ዕድሉም መታወቅ አለበት። ኅብረት ሥራ ማኅበር «አንድ አባል አንድ ድምፅ» በሚል መርህ እንደሚመራ ሁሉ፣ ዕጣም ስብሰባ ላይ ለማይናገረው አባል ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ነው።

በተግባር አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ መሠረታዊ ማኅበር 300 አባላት ቢኖሩትና 15 መምረጥ ቢያስፈልግ፣ 300 ለ15 ሲካፈል 20 ይሆናል። ከ1 እስከ 20 ካሉት ቁጥሮች አንዱ በዕጣ ይወጣል፤ 7 ወጣ እንበል። ከመዝገቡ ላይ 7ኛው፣ 27ኛው፣ 47ኛው እያለ እስከ 287ኛው ድረስ ይመረጣል። በዚህ መንገድ 15 ሰው ይገኛል። ማንም ማንንም አልመረጠም።

የዩኒየኑ ክልል ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ከሆነ ደግሞ አባላትን በየአየር ጠባያቸው ከፍሎ ከእያንዳንዱ በተናጠል ዕጣ ማውጣት ይመረጣል። እንዲህ ሲደረግ ቆላው በአጋጣሚ ሳይወከል አይቀርም። ሴት የቤተሰብ ኃላፊዎችም በቁጥር ጥቂት ከሆኑ በተለየ ዝርዝር ቢያዙ ሁኔታቸው በግልጽ ይታያል። በዚህ ጊዜ ውጤቱ ሲደመር እያንዳንዱ ክፍል በትክክለኛ ድርሻው መመዘን እንዳለበት መዘንጋት የለበትም።

4. ስንት ሰው ይበቃል?

ናሙና ሙሉው ስላልሆነ ሁልጊዜ ጥቂት ልዩነት ይኖራል። ይህ የናሙና ስህተት ይባላል። የሰው ጥፋት አይደለም፤ ዕጣው ሌሎች ሰዎችን ቢያወጣ ኖሮ ውጤቱ በመጠኑ ይለያይ ነበር ማለት ነው። መልካሙ ነገር ይህ ስህተት በስሌት የሚታወቅ መሆኑ ነው። «የተሻሻለ ዘር ትጠቀማለህ?» ለሚል ዓይነት፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ለሆነ ጥያቄ፣ በቀጥታ በዕጣ የተመረጡ 100 ሰዎች ቢጠየቁ ውጤቱ ከእውነቱ በ10 መቶኛ ነጥብ ገደማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ ይችላል። 400 ሰዎች ሲሆኑ ልዩነቱ ወደ 5 ይወርዳል፤ 1,600 ሲሆኑ ወደ 2.5። ይህ ከመቶ ጊዜ በ95ቱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን በአራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ሰው መጨመር ወጪን እንጂ እውቀትን ብዙ አይጨምርም። ሁለተኛ፣ አባላቱ ጥቂት መቶ ብቻ ካልሆኑ በስተቀር የናሙናው በቂነት በአባላቱ ጠቅላላ ብዛት ላይ እምብዛም አይመሠረትም። በደንብ ከተማሰለ ድስት ውስጥ ጨው ለመቅመስ አንድ ማንኪያ እንደሚበቃ ሁሉ፣ ለትልቁ የድግስ በርሜልም ከተማሰለ ያው ማንኪያ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለወጪ ሲባል 400ውን ሰዎች ከአራት ቀበሌ ብቻ፣ በየቀበሌው 100 አድርጎ መውሰድ ያጓጓል። ነገር ግን የአንድ ቀበሌ ሰዎች አንድ ዝናብ ይዘንብላቸዋል፤ አፈራቸው፣ ገበያቸውና የልማት ሠራተኛቸውም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። መቶኛውን ሰው መጠየቅ ከአሥረኛው ሰው ብዙ አዲስ ነገር አይጨምርም። ጎረቤቶች በመጠኑ እንኳ ቢመሳሰሉ፣ መመሳሰላቸው በስሌት 0.05 ቢሆን፣ ከአራት ቀበሌ የተወሰዱት 400 ሰዎች በዕጣ ከየቦታው እንደተመረጡ 67 ሰዎች ብቻ ይቆጠራሉ። ያው 400 ሰው ከ40 ቀበሌ በየቀበሌው 10 ሆኖ ቢወሰድ ግን እንደ 276 ሰዎች ይቆጠራል። ስለዚህ በጥቂት ቦታ ከማጎር ይልቅ በብዙ ቦታ መበተን ተመራጭ ነው።

ይህ አሠራር በሀገር አቀፍ ደረጃም የሚታይ ነው። በዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ገጠሩ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ በሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ተከፍሎ፣ መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎቹ በዕጣ ይመረጣሉ። ከዚያ በተመረጠው ቦታ ያሉ ቤተሰቦች ሁሉ አዲስ ይመዘገቡና 20 ያህል የገበሬ ቤተሰቦች በዕጣ ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ከ40 ሺህ በላይ በሆኑ ቤተሰቦች አማካይነት ስለ ብዙ ሚሊዮን ገበሬዎች ይነገራል።

5. ናሙና ቢበዛም የማይጠፉ ስህተቶች

ከላይ የተጠቀሰው ስህተት ሰው ሲጨመር ይቀንሳል። የሚከተሉት ስህተቶች ግን ናሙናው ቢበዛም አይቀንሱም፤ እንዲያውም የሰው ብዛት እምነት ስለሚያሳድር ይደበቃሉ።

ሀ) የመዝገብ ጉድለት። ዕጣ የሚወጣው ከመዝገብ ነው። መዝገቡ ያረጀ ከሆነ የሞተ ሰው ይመረጣል፣ አዲስ የገባው ይቀራል። መዝገቡ በባል ስም ብቻ ከተያዘ ማሳውን የምታርሰውና ምርቱን የምታውቀው ሚስት የለችም ማለት ነው። በሀገር ደረጃም ችግሩ አለ። ሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ የናሙና ባለሙያዎች ለቀጣዩ ቆጠራ ዝግጅት በተሠራው የካርታ ሥራና በየቦታው በሚደረግ አዲስ ምዝገባ መጠቀም ግድ ሆኖባቸዋል። ሀገር መዝገቧን ማደስ ካስፈለጋት የመሠረታዊ ማኅበርም መዝገብ በየዓመቱ መታደስ ይገባዋል።

ለ) ያልተገኙ ሰዎች። ከ400 ተመራጮች 100ዎቹ አልተገኙም እንበል። ከተገኙት 300 ውስጥ 180ዎቹ፣ ማለትም 60 በመቶ፣ የተሻሻለ ዘር ይጠቀማሉ። ሪፖርቱ «60 በመቶ» ብሎ ቢጽፍ እውነት ነውን? ያልተገኙት በሙሉ የማይጠቀሙ ከሆኑ እውነቱ 45 በመቶ ነው፤ በሙሉ የሚጠቀሙ ከሆኑ 70 በመቶ። ያልተገኙት ሰዎች ማን ናቸው? ለቀን ሥራ ሌላ አገር የሄደ፣ ታሞ የተኛ፣ ከመንገድ ርቆ ወንዝ ማዶ የሚኖር ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከተገኙት ጋር አንድ አይደሉም። መረጃ ሰብሳቢው «ቤቱ ዝግ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ሲተካ ክፍተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይሞላውም። ትክክለኛው መንገድ በሌላ ቀንና በሌላ ሰዓት ተመልሶ መሄድ ነው።

ሮበርት ቻምበርስ የተባለው የገጠር ልማት ምሁር በ1983 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገጠርን የሚጎበኙ ባለሙያዎች የአስፋልቱን ዳር፣ የበጋውን ወራትና የታወቁትን ሰዎች ብቻ እንደሚያዩ አስገንዝቦ ነበር። መኪና የሚገባበት ቀበሌ፣ ክረምት ከማለፉ በኋላ፣ ሞዴል ገበሬው ቤት የሚሞላ መጠይቅ ሁሉ ከጆንያው አፍ እንደተዘገነ ስንዴ ነው።

ትልቅ ቁጥር ይህን ጉድለት እንደማይሸፍን የሚያሳየው በአሜሪካ በ1936 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫን ውጤት ለመተንበይ 10 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በፖስታ ላከ። አድራሻውን በብዛት ያገኘው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። 2.4 ሚሊዮን ያህል መልስ ደረሰው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነበር፣ ያውም ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ። በኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያልነበረው መራጭ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ወረቀት ከደረሳቸውም የመለሱት ካልመለሱት የተለዩ ነበሩ። ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ናሙና ይዞ የተነሣው ጆርጅ ጋሉፕ ግን አሸናፊውን በትክክል ለየ።

ሐ) የመለኪያና የመልስ ስህተት። ይህ ለገበሬና ለባለሙያ በጣም የቀረበ ነው። አንድ ጥማድ በየአካባቢው ስፋቱ ይለያያል። ቁና፣ ጣሳና ዳውላም እንዲሁ። «ስንት ጥማድ አለህ?» ተብሎ የተሰበሰበ መልስ በአንድ ቁጥር እየተባዛ ወደ ሄክታር ቢቀየር ከእያንዳንዱ ወረዳ የተለያየ ስህተት ይሰበሰባል። ማስታወስም ይከብዳል። ምርቱ ከተወቃ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የተጠየቀ ሰው በእሸትነት የተበላውን፣ ለዘመድ የተላከውንና ለሠራተኛ የተከፈለውን ይረሳል። ቁጥርን ወደ ደፈናው ማጠጋጋትም የተለመደ ነው፤ 13 ኩንታል 15 ይባላል።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ በኢትዮጵያ የገጠር መረጃ ላይ የተመሠረተ አንድ ጥናት፣ ገበሬዎች የተናገሩትን ምርት በማሳው ላይ ታጭዶ ከተመዘነው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በትናንሽ ማሳዎች ላይ የተነገረው ምርት ከተመዘነው ከፍ ያለ፣ በትልልቆቹ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይህም «ትንሽ ማሳ በሄክታር የበለጠ ያመርታል» የሚለው የቆየ ሐሳብ ቢያንስ በከፊል የመለኪያ ስህተት የፈጠረው ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በአንድ የአጠያየቅ ስህተት የተነሣ የልማት ፖሊሲ ክርክር ሁሉ ሊያዘነብል ይችላል ማለት ነው።

ከመርሳት ሌላ መፍራትና ተስፋ ማድረግም አለ። ጠያቂው ግብር ሊያስጨምር የመጣ ከመሰለ መሬትና ከብት ይቀንሳል። ዕርዳታ ሊመዘግብ የመጣ ከመሰለ ችግር ይጨምራል። ማዳበሪያ እንዳይጎድለው የሚሰጋ ገበሬ ከፍላጎቱ በላይ ያስመዘግባል። የመረጃ ሰብሳቢው ማንነትም መልሱን ይለውጣል። ብድር የሚያስመልሰው ሠራተኛ ራሱ «ብድሩ ጠቅሞሃል?» ብሎ ሲጠይቅ ምን መልስ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይታወቃል። የጥያቄው አቀራረብም እንዲሁ። «ዩኒየኑ የሚሰጠው ጠቃሚ አገልግሎት አርክቶሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ነው። «ባለፈው ዓመት ምርትህን ለማን ሸጥክ? ለምን?» የሚለው ግን ይጠይቃል።

መ) የማጠናቀር ስህተት። በኪሎ የተጻፈው በኩንታል ሲመዘገብ አንድ ማሳ መቶ እጥፍ ያመርታል። ዜሮና ባዶ ቦታም አንድ አይደሉም፤ ዜሮ «ምንም አላመረተም» ሲሆን ባዶ «አልተጠየቀም» ማለት ነው። ሁለቱ ሲደበላለቁ አማካዩ ይበላሻል።

6. ሦስት መቶ ግራም ሁለት ኩንታል ሲሆን

የምርት ግምት የስህተትን መጠን በግልጽ የሚያሳይ ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። በተመረጠ ማሳ ውስጥ በዕጣ በወጣ ነጥብ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ይከለላል፤ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ስለሆነ አንድ ሄክታር 625 እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ይይዛል። 4.8 ኪሎ ግራም ከተገኘ በሄክታር 30 ኩንታል ማለት ነው።

አሁን አጫጁ በገመዱ ጠርዝ ላይ የቆሙትን ዛላዎች «ውስጥ ናቸው» እያለ 300 ግራም ጨመረ እንበል። 5.1 ኪሎ በ625 ሲባዛ በሄክታር ወደ 32 ኩንታል ይጠጋል። በአንድ እፍኝ ምክንያት ወደ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ምርት ከምንም ተፈጠረ። የሕንዱ ስታቲስቲክስ ሊቅ ፒ. ቪ. ሱካትሜ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የሚታጨደው ቦታ እጅግ ሲያንስ የጠርዙ ድርሻ ስለሚበዛ ምርቱ ከእውነቱ በላይ ይገመታል። ባለሙያው ሰብሉ ያማረበትን ነጥብ በዓይኑ ቢመርጥ ደግሞ ስህተቱ ይብሳል። ስለዚህ ነጥቡ በዕጣ መውጣት፣ ገመዱ መወጠር፣ እህሉም ደርቆ መመዘን አለበት።

የቡና አባላት ሌላ ጥሩ ምሳሌ ያውቃሉ። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከመኪና ላይ የተወሰደ የቡና ናሙና የባለቤቱ ስም ተሰውሮ፣ በምሥጢር ቁጥር ወደ ቀማሾች ይቀርባል። ቀማሹ የማንን ቡና እንደቀመሰ ካላወቀ ለማንም አያዳላም። መረጃ የሚያጠናቅረው ሰውም የትኛው ማኅበር የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ቢሠራ ይመረጣል።

7. ከዩኒየንና ከመሠረታዊ ማኅበራት ምን ይጠበቃል?

ከላይ የተባለው ሁሉ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የሚከተሉት እርምጃዎች በዩኒየን አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ የአባላት መዝገብ በየዓመቱ ይታደስ፤ የሞቱ፣ የለቀቁና አዲስ የገቡ ይለዩ፣ ሴት አባላትም በስማቸው ይመዝገቡ።

ሁለተኛ፣ የግብዓት ፍላጎት በስብሰባ ብቻ አይሰብሰብ። ከስብሰባው ጎን ለጎን ከየማኅበሩ 10 ያህል አባላት በዕጣ ተመርጠው በየቤታቸው ይጠየቁ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ትዕዛዙ ከመላኩ በፊት ምክንያቱ ይጣራ።

ሦስተኛ፣ ዕጣው በአባላት ፊት ይውጣ። ሲታይ የወጣ ዕጣ ሐሜትን ይቀንሳል፤ የተመረጠውም ሰው ለምን እንደተመረጠ ስለሚያውቅ በእምነት ይናገራል።

አራተኛ፣ መረጃው ለግብርም ሆነ ለዕዳ ማስከፈያ እንደማይውል ለአባላት ይነገር፤ ቃሉም ይጠበቅ። አንድ ጊዜ የተጣሰ አደራ ለብዙ ዓመት እውነተኛ መልስ ያሳጣል።

አምስተኛ፣ ከአሥር ቤቶች አንዱን ተቆጣጣሪው እንደገና ይጠይቅ። ሁለቱ መልሶች ካልገጠሙ ሰብሳቢውን ለመቅጣት ከመቸኮል በፊት ጥያቄው ግልጽ መሆኑ ይታይ።

ስድስተኛ፣ ውጤቱ ለአባላት ይመለስ። በቁጥሩ ላይ ማሳውን የሚያውቅ ገበሬ «ይህ አይመስልም» የሚልበት ዕድል ይኑረው።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀርብ ለማንኛውም ቁጥር አምስት ጥያቄዎች ይቅረቡ። ስንት ሰው ተጠየቀ? እንዴት ተመረጡ? ስንቱ ሳይገኝ ቀረ? ማን ጠየቃቸው? በምን ተለካ? እነዚህን መመለስ ያልቻለ ቁጥር፣ ቢያስደስትም፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ገና አይደለም። ከዕቅድ ያነሰ ቁጥር ይዞ የመጣ ባለሙያ ከመወቀስ ይልቅ ዘዴው ቢጠየቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ለመምጣት ይደፍራል። ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያስቀጣበት ቦታ ሁሉ ቁጥሩ ራሱ ከፍ ማለትን ይለምዳል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ግን መጋዘኑ ሲከፈት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው ብቻውን ሲቆም አቅም የሌለው ገበሬ ከሌሎች ጋር ሆኖ እንዲደመጥ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የድሩ እያንዳንዱ ፈትል ካልታወቀ ጥንካሬው አይታወቅም። ስብሰባ የማይመጣው፣ ወንዝ ማዶ የሚኖረው፣ ግማሽ ጥማድ የሚያርሰው አባል ዕጣ ከፍሎ የገባ ባለቤት ነው። ለማዳበሪያው ትዕዛዝ፣ ለመጋዘኑ ስፋትና ለብድሩ መጠን የእርሱም መልስ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት የፍላጎት ቅጽ ከመሞላቱ በፊት የእርሱም ስም ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ከዕጣው ውስጥ ይግባ።